አካቶ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፦ የትምህርት ክፍሎችና የጽሕፈት ቤቶች የጋራ ሥራ

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1943 ዓ.ም የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆኖ ሥራ የጀመረ፣ በ1954 ዓ.ም ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገ፣ የአገሪቱ አንጋፋ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ነው። ዋናው ግቢ ስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ይገኛል፤ አምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ፣ አራት ኪሎ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ጥቁር አንበሳ የጤና ትምህርት ይሰጣል። በነዚህ ግቢዎች አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች፣ ሴት ተማሪዎች፣ ከሩቅ ክልል የሚመጡና ቋንቋቸውም እምነታቸውም የተለያየ ተማሪዎች እኩል እንዲማሩ የሚደረገው ጥረት፣ ማለትም አካቶ፣ የአንድ ቢሮ ሥራ አይደለም። ሬጅስትራር፣ የተማሪዎች ዲን፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የትምህርት ክፍሎችና የሕንፃ አስተዳደር ሥራውን እየተቀባበሉ የሚያካሂዱት ነው። ሥራው ሲበላሽም በአብዛኛው የሚበላሸው አንዱ ለሌላው በሚያስረክብበት ቦታ ላይ ነው።

በንጉሡና በደርግ ዘመን ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች የሚማሩት በጓደኞቻቸው አንባቢነትና በመምህራን በጎ ፈቃድ ነበር ማለት ይቻላል።

የሕግ መሠረቱ የተጠናከረው ከ1987 ዓ.ም በኋላ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 የሴቶችን፣ በአንቀጽ 41 ደግሞ ለአካል ጉዳተኞች ሊደረግ የሚገባውን ድጋፍ አስፍሯል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች ምቹ መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001 እና እሱን የተካው ቁጥር 1152/2011 ተቋማቱን ግዴታ ውስጥ አስገብተዋል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም ነው።

ዩኒቨርሲቲው ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው እውቀት በራሱ ቤት አለው፤ ይህም ሊኮራበት የሚገባ ነው። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍሉ እስከ ሦስተኛ ዲግሪ ያስተምራል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋና የመስማት የተሳናቸው ባህል በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ መሰጠት ጀምሯል። ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች የተለየ አገልግሎት ይሰጣል። ሥነ ልቦና፣ ሶሻል ወርክ፣ ሥርዓተ ፆታና ሕግ የሚያስተምሩ ክፍሎችም አሉ። ሕግና ሶሻል ወርክ እዚሁ የተማሩት፣ ማየት የተሳናቸው የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋች የትነበርሽ ንጉሤ የሴት ተማሪዎች ማኅበር የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አሸናፊነታቸው በመስከረም 2010 ዓ.ም ይፋ ሆኗል።

ከሁሉም ቀድሞ የሚመጣው መረጃ ነው። አዲስ ገቢ ተማሪ ሲመዘገብ ጉዳቱን ብቻ ሳይሆን የሚጠቀምበትን መንገድ ማስመዝገብ ያሻል፤ ብሬል (በጣት የሚዳሰስ የነጥብ ጽሑፍ) ነው፣ በድምፅ ማንበቢያ ያለው ኮምፒዩተር ነው፣ ትልቅ ፊደል ነው? “ማየት የተሳነው” የሚለው ብቻ ለቤተ መጻሕፍቱ ምን አዘጋጅቶ እንደሚጠብቅ አይነግረውም። ሬጅስትራር ዝርዝሩን በተማሪው ፈቃድ ለትምህርት ክፍሉ፣ ለቤተ መጻሕፍቱ፣ ለዶርም አስተዳደሩና ለክፍል መርሐ ግብር አውጪው በአንድ ጊዜ ማድረስ አለበት። በተለምዶ ግን ዝርዝሩ ዲን ጽሕፈት ቤት ይቀርና መምህሩ ተማሪውን የሚያውቀው በመጀመሪያው ፈተና ዕለት ይሆናል። ተማሪው ከአንድ ትምህርት ክፍል ወደ ሌላ ሲዛወርም መረጃው አብሮት አይሄድም።

የማንበቢያ ጽሑፍ ዝግጅት ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የሚወስድ ነው። በአማርኛ ብሬል አንድ ፊደል ወደ ተነባቢና አናባቢ ስለሚከፈል ብዙውን ጊዜ ሁለት ሕዋስ (የአንድ ብሬል ምልክት ነጥቦች የሚያርፉበት ቦታ) ይይዛል፤ ሳድሱ አንድ ይበቃዋል። አንድ ትልቅ የብሬል ገጽ 25 ያህል መስመር፣ በመስመርም 40 ያህል ሕዋስ ስለሚይዝ፣ አንድ ገጽ የታተመ ጽሑፍ ሁለትና ሦስት የብሬል ገጽ ይወጣዋል። ወረቀቱም ወፈር ያለ፣ በካሬ ሜትር 160 ግራም አካባቢ መሆን አለበት፤ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ላይ ነጥቡ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲዳሰስ ይጠፋል። ስለዚህ ሃንድ አውቱ ትምህርቱ ከመጀመሩ ሳምንታት አስቀድሞ ካልደረሰ ብሬሉ ከፈተናው በኋላ ይደርሳል።

ኮምፒዩተር ይህን ያቀለዋል፤ ሆኖም ሁለት እንቅፋቶች አሉት። የመጀመሪያው በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ነው። እነዚህ ዩኒኮድ (ኮምፒዩተሮች ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ኮድ) ስላልሆኑ ዓይን አማርኛ የሚያየውን የድምፅ ማንበቢያው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል አድርጎ ያነበዋል። መፍትሔው ፋይሉን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው፤ ሲቀየር የሚዘለሉ ፊደላት ስለሚኖሩ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ሊያርመው ይገባል። ሁለተኛው ስካን የተደረገ መጽሐፍ ነው፤ ፎቶ እንጂ ጽሑፍ ስላልሆነ ማንበቢያው ዝም ይላል። መምህሩ ዋናውን የወርድ ፋይል ቢልክ የሳምንት ሥራ ይተርፋል።

በፈተና ጊዜ አንባቢና ጸሐፊ ይመደባል። አንባቢው የትምህርቱን ቃላት የሚያውቅ፣ ነገር ግን አብሮ የማይፈተን ሰው ቢሆን ይመረጣል። ክፍሉ የተለየ፣ ሰዓቱም የሚጨመር መሆን አለበት፤ በተለምዶ የሰዓቱ ግማሽ ይጨመራል። በትልቁ አዳራሽ መምህሩ “ጥያቄ 7 ላይ ስሕተት አለ” ብሎ ሲያርም በተለየው ክፍል ያለው ተማሪ አይሰማም፤ የእርማቱን መልእክት የሚያደርስ ሰው አስቀድሞ መመደብ አለበት። ሠንጠረዥና ግራፍ ያለባቸው የስታቲስቲክስ ጥያቄዎች በንባብ ብቻ ስለማይገለጹ በሚዳሰስ ምስል ወይም በተመጣጣኝ ሌላ ጥያቄ መተካት አለባቸው። ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ከተፈጥሮ ሳይንስ ርቀው ወደ ሕግ፣ ቋንቋና ማኅበራዊ ሳይንስ መገፋታቸው በከፊል ከዚህ የመጣ ነው፤ የችሎታ ጉዳይ እንዳልሆነ ግን ግልጽ ነው።

መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚቆይ ትምህርት ሁለት አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ እየተቀያየሩ ካልሠሩ ድካሙ ትርጉሙን ያጎድለዋል። ምልክት ያልወጣለት የሙያ ቃል በጣት ፊደል ይጻፋል፤ ሰባቱ ሆሄያት በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ። ስለዚህ መምህሩ የዕለቱን ቃላት ዝርዝር ቀድሞ መስጠት፣ ወደ ሰሌዳ ዞሮም አለመናገር አለበት።

ሕንፃዎቹን በተመለከተ፣ ራምፕ (በደረጃ ፈንታ የሚሠራ ተዳፋት መንገድ) በብዙ ቦታ ተሠርቷል፤ ችግሩ ልኩ ላይ ነው። የሚመከረው 1 ለ12፣ ማለትም ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት ነው፤ ሦስት የ15 ሳንቲሜትር ደረጃ 45 ሳንቲሜትር ስለሚሆን ራምፑ 5 ሜትር ከ40 ሳንቲሜትር መርዘም አለበት። ቦታ ሲጠብ ያሳጥሩትና ወንበሩን ያለ ሰው እርዳታ መግፋት አይቻልም። ለስላሳ ሴራሚክ በክረምት ያንሸራትታል፤ የፍሳሽ መሸፈኛ ብረት ሰፊ ክፍተት ካለው የፊት ጎማውንም ነጭ በትሩንም ይይዛል። ሊፍት መብራት ሲጠፋ ስለሚቆም፣ መርሐ ግብር አውጪው የተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ ያለበትን ሴክሽን (የተማሪዎች ምድብ) ክፍል በሙሉ ምድር ቤት ቢያደርገው ወጪ የለውም።

ሴት ተማሪዎችን በሚመለከት የመግቢያ ነጥብ ድጋፍ፣ ቲቶሪያል (የማጠናከሪያ ትምህርት) እና የሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤት አሉ። የትንኮሳ አቤቱታ ለመምህሩ የቅርብ ኃላፊ ብቻ እንዲቀርብ ከተደረገ ግን ተማሪዋ ውጤቷን ፈርታ ዝም ትላለች፤ አቤቱታው ከትምህርት ክፍሉ ውጭ መቀበያ ሊኖረው ይገባል።

በሃይማኖት አለባበስና አምልኮ ላይ የወጡ መመሪያዎች አከራካሪ ሆነው ቆይተዋል፤ በሚዛናዊነታቸው ላይ አስተያየቱ የተለያየ ነው። በምግብ በኩል ያለው ሥራ ቀለል ይላል። ካፌው በፍስክና በጾም ለይቶ ያቀርባል፤ በረመዳን ደግሞ የእራትና የሱሁር (ከንጋት በፊት የሚበላው ምግብ) ሰዓት ከፕሮክተሮች (ከዶርም ተቆጣጣሪዎች) ጋር መናበብን ይጠይቃል፤ የዶርም በር በሌሊት ካልተከፈተ የተዘጋጀው ምግብ ሳይበላ ያድራል።

የብሔር ግጭት ስጋት በሚበረታበት ወቅት ተማሪዎችን በዶርም ምደባ ማሰባጠር የሚደገፍ አሠራር ነው። ምደባው በፊደል ተራ በኮምፒዩተር ከወጣ በኋላ ተማሪዎች እርስ በርሳቸው ስለሚቀያየሩ፣ ፕሮክተሩ በሁለተኛው ሳምንት ዝርዝሩን ዳግም ማየት አለበት። የተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ የተመደበበት የምድር ቤት አልጋ በዚያው ቅይይር ለሌላ እንዳይተላለፍም የሚጠበቀው በዚህ ጊዜ ነው።