«ኮምፕሬሽን የለውም» የተባለ አሮጌ ቫን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጉልበት ካነሰው ኮምፕሬሽኑ አልቋል»

ኮምፕሬሽን ማለት ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን አምቆ የሚፈጥረው ግፊት ነው። ነገር ግን የተደፈነ የነዳጅ ፊልትሮ፣ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን፣ የሚይዝ ፍሬን ወይም የተዘጋ የጭስ ማውጫ ማርሚታም ቫኑን ዳገት ላይ ያደክሙታል። ኮምፕሬሽን የሚጠረጠረው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አልነሳም ሲል፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲንቀጠቀጥ፣ በተለይም ሞተሪኖው (ማስነሻው) ሲያዞር አንዱ ምት ላይ ፈጠን ሲል ነው። ያ ሲሊንደር አየሩን አምቆ ስለማይዝ ሞተሪኖውን አይታገለውም።

«ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ዝቅ ካለ ሞተሩ ይፈታ»

ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዴ ጥፋቱ የሞተሩ ሳይሆን የአለካኩ ነው። የቤንዚን ሞተር በትክክል የሚለካው እንዲህ ነው፦ ሞተሩ ወደ ሥራ ሙቀቱ ይድረስና ይጥፋ። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) አሉሚኒየም ከሆነ በጣም ትኩስ ሳለ ካንዴላ (እሳት ሰጪውን) መፍታት ጥርሱን ሊበላው ስለሚችል ጥቂት ይረፍ። ሞተራቸው ከወንበር ሥር በሆነ ቫኖች ካንዴላው ዙሪያ አቧራ ይከማቻል፤ ወደ ሲሊንደር እንዳይገባ ከመፍታት በፊት በአየር ይነፋ። ካንዴላዎቹ በሙሉ ይውጡ፤ አንዱን ብቻ ፈትቶ መለካት ሞተሪኖውን ያዘገየዋል። የእሳቱና የነዳጁ መስመር ይቋረጥ፤ ቤንዚን ከገባ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት አጥቦ ቁጥሩን ያወርደዋል። ባትሪው ሙሉ ይሁን። አንድ ሰው የነዳጅ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጦ ይያዝ፤ የአየር መግቢያው ከተዘጋ ሲሊንደሩ የሚያምቀው አየር አያገኝም። ከዚያ ጌጁ በካንዴላው ቀዳዳ ይገጠምና ሞተሩ ከ5 እስከ 6 ምት ድረስ ይዞር፤ የመጀመሪያው ምትም የመጨረሻውም ንባብ ይጻፍ።

አብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች ከ10 እስከ 13 ባር ያሳያሉ። ይህ ግን በባሕር ጠለል ላይ ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ወደ ሦስት አራተኛ ስለሚወርድ፣ ታች 12 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚያ 9 አካባቢ ያሳያል። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት የበለጠ ይናገራል። ዝቅተኛው ከከፍተኛው 75 በመቶ በታች ከሆነ እውነተኛ ችግር አለ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው የቴስታታ ጋስኬት (ማሸጊያው) ይጠርጠር። ሁሉም እኩል ከወረዱ ደግሞ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ከማዘዝ በፊት የታይሚንግ ቺንጋው (የቫልቮቹን ጊዜ የሚጠብቀው ቀበቶ) ጥርስ ዘልሎ እንደሆነ ምልክቶቹ ይታዩ።

«ዘይት ጨምሮ መለካት ሁሉን ይነግራል»

በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል የሞተር ዘይት ጨምሮ ድጋሚ ሲለካ ቁጥሩ በግልጽ ከወጣ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል፤ ካልተነቃነቀ ቫልቭ (የአየር መግቢያና የጭስ መውጫ በር) ወይም ጋስኬት ነው። ሲሊንደሮቹ በተኙበት ሞተር ግን ዘይቱ ታች ይቀራል እንጂ ፋሻውን አይዞረውም። በዲዝል ደግሞ ባይሞከር ይሻላል፦ የማቃጠያው ክፍል ጠባብ ስለሆነ ዘይቱ ራሱ ቦታ ይዞ ቁጥሩን ያሳስታል፤ ከበዛም ፒስተኑን አግዶ ኮኔክቲንግ ሮዱን (ፒስተኑን የሚያያይዘውን ዘንግ) ሊያጣምም ይችላል። የቤንዚን ጌጅም ለዲዝል አይሆንም፤ ዲዝል 25 ባርና ከዚያ በላይ ያምቃል።

«ሰማያዊ ጭስ ፋሻ ነው»

ጠዋት ሲነሳ ወይም ረጅም ቁልቁለት ተወርዶ ነዳጅ ሲረገጥ ብቻ ቦግ የሚል ጭስ አብዛኛውን ጊዜ ከቫልቭ ጎማ (ዘይት መከልከያው) ነው። ያ ዘይት ያስበላል እንጂ ኮምፕሬሽን አያወርድም።

«ወፍራም ዘይት ይመልሰዋል»

የተቃጠለ ቫልቭን ዘይት አይደፍነውም። የተበላ ፋሻንም ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ዘይቱ ላይኛው ክፍል ዘግይቶ ይደርሳል።

«ከፍ ያለ ቁጥር ጤና ነው»

ከተባለው በላይ የሚያሳይ ሲሊንደር ፒስተኑ ላይ ካርቦን ተጋግሮ ወይም ዘይት ገብቶበት ሊሆን ይችላል።

«የቱ ጋ እንደሚያፈስ ለማወቅ ቴስታታ ማውረድ ግድ ነው»

መጀመሪያ የቫልቭ ክፍተት ይለካ። ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቩ መቀመጫው ላይ ሙሉ በሙሉ አያርፍም፤ ገና ካልተቃጠለ በማስተካከል ብቻ ይድናል። ቀጥሎ የደከመው ሲሊንደር ሁለቱም ቫልቮች እንደተዘጉ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ይቁም፤ ማርሹ ዜሮ ይሁን፤ አየሩ ሞተሩን በኃይል ሊያዞረው ስለሚችል ክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ላይ ቁልፍ አይተው። ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ ከኮምፕሬሰር 6 ባር ያህል አየር ይሰጥና ጆሮ ይጣል። በአየር ፊልትሮው በኩል ከተነፈሰ የማስገቢያ ቫልቭ፣ በማርሚታው ከወጣ የጭስ ማውጫ ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው በኃይል ከወጣ ፋሻ ነው፤ ጥቂት ትንፋሽ ግን በጤነኛ ሞተርም አለ። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከታየ ጋስኬቱ ተበልቷል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል፤ ያኔ ቴስታታውን ማውረድ ተገቢ ነው።