ፈቃዷን መለሰች፣ ክህነቷን ግን አልመለሰችም

ወገኖቼ፣ «ሴት ትቅሰስ ወይስ አትቅሰስ» የሚለው ክርክር ሲነሳ ብዙዎቻችን ጥቅስ ለመምዘዝ እንቸኩላለን። ዛሬ ግን የአንዲት እህታችንን ታሪክ ልንገራችሁ። ፍሎረንስ ሊ ቲም-ኦይ ትባላለች። በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን (ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በተስፋፋው የአብያተ ክርስቲያናት ኅብረት) የመጀመሪያዋ ሴት ቄስ እሷ ናት።

ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ጃፓን ሆንግ ኮንግን ይዛለች፤ ስደተኛው በአቅራቢያዋ ወዳለችው የፖርቱጋል ግዛት፣ ወደ ማካው ይጎርፋል። ሊ እዚያ ዲያቆን ነበረች። በጦርነቱ ምክንያት ቄስ ወደ ማካው መግባት አልቻለም። ምዕመኑ ያለ ቅዱስ ቁርባን እንዳይቀር፣ ገና ዲያቆን ሳለች እንድታቆርብ ተፈቀደላት። በኋላ የሆንግ ኮንግ ጳጳስ የነበሩት ሮናልድ ሆል አስጠሯት። ጃፓን የያዘውን ምድር አቋርጣ ሄደች። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1944 በደቡብ ቻይና፣ ዣኦቺንግ ከተማ፣ እጃቸውን ጭነው ቅስና ሾሟት።

ጳጳሱ ያዩት ጴጥሮስ በቆርኔሌዎስ ቤት ያየውን ነው (ሐዋ. 10)። መንፈስ ቅዱስ በአሕዛብ ላይ ወረደ። ጴጥሮስም እንዳይጠመቁ «ውኃን ይከለክላቸው ዘንድ የሚችል ማን ነው?» አለ። ልብ በሉ፤ ስጦታው ቀደመ፣ ሥርዓቱ ተከተለ። ማካው ውስጥም የሆነው ይኸው ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ተቃውሞው በረታ። ጳጳሱ በእሷ ምክንያት ችግር ላይ እንዳይወድቁ፣ በ1946 የቅስና ፈቃዷን፣ ማለትም በቄስነት እንድታገለግል የተሰጣትን ፈቃድ፣ መለሰች። ክህነቷን ግን አልተወችም። እኔን ከሹመቷ ይበልጥ የሚነካኝ ይሄ ነው። አላኮረፈችም። ሄፑ በምትባል የቻይና ከተማ ማገልገሏን ቀጠለች። ሴት ሕፃናት ሲወለዱ እንዳይገደሉ ብላ የማዋለጃ ቤት ከፈተች።

ስጦታ እያላችሁ በር የተዘጋባችሁ እህቶቼ፣ እባካችሁ በእጃችሁ ያለውን ሥራ አትጣሉ። በሽምግልና የተቀመጣችሁ ወንድሞቼ ደግሞ በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት ሐዋርያት ሥራ 10ን በጸሎት አንብቡት። እሷ ታገሰች ማለት የተደረገባት ልክ ነበር ማለት አይደለም።

በቻይና ኮሚኒስቶች ዘመን የባሰው መጣ። አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። ሊ እርሻ ላይ ዶሮ ቀለበች፣ ፋብሪካ ገብታ ሠራች። ማኦ ባስነሳው የባህል አብዮት ጊዜ ቀይ ዘቦች የተባሉት የማኦ ወጣት ደጋፊዎች መቀስ አስይዘው ልብሰ ተክህኖዋን በገዛ እጇ አስቆረጧት።

በ1983 ወደ ካናዳ ሄደች። ቅስናዋ እንደገና ታወቀላትና በቶሮንቶ ማገልገል ጀመረች። በ1992 አረፈች። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያዎቹን ሴት ቄሶች የሾመችው በ1994 ነው።