ሞክሼ ደራሲ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ስለ አንድ ደራሲ የጻፈውን ውዳሴ አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ሰውየው በአንድ ስም ላይ አንድ የግጥም መድበል፣ አንድ የንብ እርባታ መመሪያና አንድ የደብር ታሪክ አሸክሞ ሲያበቃ «እንዲህ ያለ ሁለገብ ብዕር ከጎጃም በቀር ከየት ይገኛል?» ይላል። ጎጃም የምታፈራውና የማታፈራው ነገር ለሌላ ቀን ይቆየን። ሦስቱንም መጻሕፍት በምሠራበት የደብረ ማርቆስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገላብጬ ካርድ ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ ጸሐፊዎቹም ሦስት ሰዎች ናቸው። ገጣሚው በመግቢያው የአያቱን ስም ጠቅሷል፤ የንብ እርባታው ሰው የሙያ ማዕረጉን ከስሙ አስቀድሟል፤ የደብሩ ታሪክ ጸሐፊ መቅድሙን በፈረመበት ዓመት ደግሞ ገጣሚው ገና ፊደል አልቆጠረም ነበር። ባለቤቶቹን ላለማሳቀቅ ስማቸውን እተወዋለሁ።

ሞክሼ ማን እንደሆነ ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት ድፍረት ይሆናል። ችግሩ ቃሉ በወግና በመዝገብ ላይ እኩል አለመስፋቱ ነው። በወግ የራስ ስም ከገጠመ ይበቃል፤ ሁለት አያሌዎች አባቶቻቸው ማንም ይሁኑ ማን «ሞክሼ!» ተባብለው ይጠራራሉ። በመጻሕፍት መዝገብ ግን ሞክሼ የምንለው የአባት ስም ጭምር ሲገጥም ነው። ከብዕር ስም ጋር የሚያምታቱትም አሉ፤ የብዕር ስም አንዱን ሰው በሁለት ስም ያስጠራል፣ ሞክሼነት ሁለቱን ሰዎች በአንድ ስም ያስጠራል። ሁለተኛውን ስም እንደ ፈረንጅ የቤተሰብ ስም ቆጥሮ የአባት ስማቸው የገጠመ ደራስያንን ወንድማማች የሚያደርግ ሰው ደግሞ፣ በእውነት ዘመዳሞች የሆኑትን ያጣቸዋል። የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ «አርአያ»ን የጻፉት ደግሞ ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ናቸው፤ አባትና ልጅ ሆነው ሳለ ሁለተኛ ስማቸው አይገጥምም።

የቅኔ አገር ሰው በመሆኔ ነገሩን በኅብር፣ ማለትም አንድ ቃል ሁለት ፍቺ በሚይዝበት የቅኔ መንገድ፣ ባየው ይቀለኛል። «ተማረ» የሚለው ቃል ትምህርት ገበየ ማለትም፣ ምሕረት አገኘ ማለትም ይሆናል። ቅኔ የሚሰማ ሰው ቃሉ ሲደርስ ቆም ይልና ሰሙ የት ላይ እንደሆነ፣ ወርቁ የት ላይ እንደተቀበረ ይመረምራል። ሞክሼ ስምም እንዲሁ ነው፤ በሽፋኑ ላይ የምናየው ስም ሰሙ ነው፣ ሰውየው ወርቁ ነው። አስተያየት ሰጪያችን ያደረገው፣ በምሕረት የተፈታውን እስረኛ «ተማረ» ስለተባለ ብቻ ምሩቅ ነው ብሎ እንደ ማወጅ ያለ ነው። ልዩነት አለው፤ ኅብሩን ባለቅኔው አስቦ ያመጣዋል፣ ሞክሼነትን ግን ማንም አላሰበውም፤ ሁለት አባቶች በሁለት ቀበሌ ልጆቻቸውን ሲሰይሙ የተገጣጠመ ነው። ስለዚህ የቅኔ መምህሩ «ወርቁ የት አለ?» ብሎ በሚጠይቅበት ቦታ፣ እኛ ካርድ አውጪዎች «አያቱ ማን ነው?» ብለን እንጠይቃለን።

ይህ አዲስ ብልኀት አይደለም። ከቤተ ክርስቲያናችን አሥራ አራቱ ቅዳሴያት ሁለቱ በዮሐንስ ስም የሚጠሩ ናቸው፤ አበው ግን አንዱን ወልደ ነጎድጓድ፣ ሌላውን አፈ ወርቅ ብለው ስለለዩአቸው የትኛውም ዲያቆን አያምታታቸውም። በቅርቡ ዘመንም ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ሎሬት»፣ የፖለቲካ ድርጅቱ የኢሕአፓ ሰው ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ደብተራው» እየተባሉ ተለይተዋል። ቅጽሉን ቆርጦ የሚጥል ጸሐፊ ሁለት የሕይወት ታሪኮችን አንድ ላይ ይሰፋል።

በውጭው ዓለም የታወቀው ጉዳይ የሁለቱ ዊንስተን ቸርችሎች ነው። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1871 የተወለደ አሜሪካዊ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነው፤ ሌላው በሦስት ዓመት የሚያንሰው እንግሊዛዊ፣ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነውና እ.ኤ.አ. በ1953 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘው ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ስሙ በመጽሐፍ ገበያ ከፍ ብሎ የነበረው አሜሪካዊው ነበርና፣ እንግሊዛዊው ደብዳቤ ጽፎለት ከእንግዲህ መጻሕፍቱን «ዊንስተን ስፔንሰር ቸርችል» ብሎ እንደሚፈርም አሳወቀው። አሜሪካዊውም መካከለኛ ስም ቢኖረው እሱም ይጨምር እንደነበር መለሰ። በዚህም ምክንያት የእንግሊዛዊው መጻሕፍት በስሙ መካከል አንዲት «ኤስ» ይዘው ቀሩ። ነገሩ በሁለት ደብዳቤ አለቀ፤ እኛ ዘንድ የአያት ስም አንድ ቃል ሆና ሳለ አሳታሚዎች ሽፋኑን ታጣብባለች ብለው ይተዉአታል።

ተገላቢጦሹም አለ፤ ብዙ ሰው አያስበውም እንጂ እኔን የበለጠ የሚያደክመኝ እሱ ነው። ሞክሼ ስም ሁለቱን ሰዎች አንድ ሲያደርግ፣ ሞክሼ ፊደላት አንዱን ሰው ሁለት ያደርጉታል። የእኛው አገር ሰው ሐዲስ አለማየሁ በአንዱ ዝርዝር በሐመሩ «ሐ»፣ በሌላው በሃሌታው «ሀ»፣ በሦስተኛው በዐይኑ «ዓለማየሁ» እየተባሉ ይገኛሉ፤ ኮምፒዩተሩም ሦስት ደራሲ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። አንዳንድ የውጭ ዝርዝሮች ደግሞ ስማቸውን ገልብጠው ከ«አለማየሁ» ሥር ያስገቧቸዋል። በዚያ ላይ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመበት 1958 ዓ.ም. ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲመለስ፣ እንደ ወሩ 1965 ወይም 1966 ይሆናል፤ ዓመቱን ብቻ አይቶ ሰው የሚለይ ተመራማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል።

አስተያየት ሰጪው «ታዲያ አንባቢ ሁሉ የአያት ስም ሊያጠና ነው?» ሳይል አይቀርም። አንባቢ አያጠናም፤ ሊያወድስ ብዕር ያነሣ ሰው ግን የርዕስ ገጹንና መቅድሙን ይገልጣል፣ ይህም ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። እኔ በገጣሚው ካርድ ላይ የአያቱን ስም ጨምሬበታለሁ፤ በታሪክ ጸሐፊው ካርድ ላይ የደብሩን ስም አስገብቻለሁ። የሦስተኛውን አያት ከመጽሐፉ ውስጥ ስላላገኘሁ፣ የ«ደብተራው»ን ፈለግ ተከትዬ ከስሙ ጎን በእርሳስ «ንብ አርቢው» ብዬ ጽፌበታለሁ።