የሎጋሪዝም ቁጥር ሥርዓት ምንድን ነው?

በቺፕ ውስጥ ማባዛት ውድ ነገር ነው። ከመደመር የበለጠ ቦታና ኃይል ይበላል። ሎጋሪዝም (አንድን ቁጥር ለማግኘት 2ን የመሰለ መነሻ ወደ ስንተኛ ርቢ ከፍ እንደሚል የሚናገር ቁጥር) ደግሞ ማባዛትን ወደ መደመር ይቀይራል። ስኮትላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ጆን ናፒየር ይህን መላ ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1614 ነው። የሎጋሪዝም ቁጥር ሥርዓት የሚባለው ይኸው መላ ወደ ሃርድዌር ሲወርድ ነው፤ ማሽኑ በቁጥሩ ፈንታ የቁጥሩን ሎጋሪዝም ይይዛል።

8 የ2 ሦስተኛ ርቢ ስለሆነ 3 ተብሎ ይቀመጣል። 32 ደግሞ 5 ተብሎ። ሁለቱን ለማባዛት 3 እና 5ን መደመር ነው፤ 8 ይመጣል። የ2 ስምንተኛ ርቢ 256። አለቀ። (ይሄኛው 8 የመጀመሪያው 8 አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይምታታበታል።) ማካፈል መቀነስ ይሆናል። ስኩዌር ሩት ማውጣትማ ሎጋሪዝሙን ለሁለት መክፈል ነው፤ ቢቶቹን (ማሽኑ ቁጥር የሚጽፍባቸውን 0 እና 1 አሃዞች) አንዴ ወደ ቀኝ መግፋት ይበቃል።

ኔጋቲቭ ቁጥር ሎጋሪዝም ስለሌለው ምልክቱ ለብቻው አንድ ቢት ይሰጠዋል። ዜሮም የራሱ ልዩ ምልክት ያስፈልገዋል። 3ን የመሰለ ተራ ቁጥር እንኳ 1.58496 እያለ ስለሚቀጥል ተጠጋግቶ ነው የሚያዘው።

ጉዱ ያለው መደመር ላይ ነው። በእጃችን ያሉት 3 እና 5 ናቸው፤ የ8 እና የ32 ድምር ግን ከነሱ በቀጥታ አይወጣም። እናም ዞሮ መሄድ ግድ ነው። ልዩነታቸው 2 ስለሆነ ትንሹ የትልቁ ሩብ ነው። ድምሩ የትልቁ 1.25 እጥፍ ማለት ነው። የ1.25 ሎጋሪዝም 0.3219 ገደማ ነው። 5 ላይ ሲጨመር 5.3219፤ ይህም 40 ነው።

ያቺን 0.3219 ማሽኑ ከሠንጠረዥ ያነባታል። ችግሩ ሠንጠረዡ ነው፤ ለልዩነቱ አንድ ቢት በተጨመረ ቁጥር የመስመሮቹ ብዛት እጥፍ ይሆናል። መቀነስ ደግሞ ይብሳል። ሁለቱ ቁጥሮች በጣም ሲቀራረቡ የሚፈለገው ሎጋሪዝም ወደ ታች ይወረወራል፤ እዚያ አካባቢ ሠንጠረዡን ምን ያህል ማጥበቅ እንደሚያስፈልግ አስቡት።

ስለዚህ ሥርዓቱ የሚያዋጣው ማባዛትና ማካፈል ለበዛበት፣ ጥቂት ቢት ለሚበቃው ሥራ ነው። በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ግሬፕ-5 ኮምፒውተር በከዋክብት መካከል ያለውን የስበት ኃይል ያሰላ የነበረው በዚህ ዘዴ ነው። ኃይሎቹን አንድ ላይ የሚደምረው ግን በተለመደው የቁጥር አያያዝ ነበር።