የመጋረጃ ጀርባ ሙዚቃዊ ፊልም ምንድን ነው?

ገጸ ባሕርያቱ ራሳቸው ዘፋኞችና ተወዛዋዦች የሆኑበት፣ ታሪኩም አንድ ትርኢት ለመድረክ እስኪበቃ ባለው ውጣ ውረድ ላይ የሚያጠነጥን ሙዚቃዊ ፊልም የመጋረጃ ጀርባ ፊልም ይባላል። ዘፈኑ የሚመጣው በልምምድ ላይ ወይም በትርኢቱ ምሽት ስለሆነ፣ ተመልካቹ «ይህ ሰው አሁን ምን አዘፈነው?» ብሎ አይጠይቅም። ፊልም ድምፅ ባወጣበት ሰሞን ሆሊውድ ወደዚህ መንገድ ማዘንበሉ አያስገርምም።

ዘርፉን መልክ ያስያዘው እ.ኤ.አ. በ1929 የሆሊውዱ ስቱዲዮ ኤምጂኤም ያወጣው «ዘ ብሮድዌይ ሜሎዲ» ነው። እህትማማቾቹ ሃንክና ኩዊኒ ማሆኒ በየከተማው እየዞሩ በቮድቪል፣ ማለትም ዘፈኑም ውዝዋዜውም ቀልዱም ተራ በተራ በሚቀርብበት የመዝናኛ ምሽት፣ ሲሠሩ ቆይተው ዕድላቸውን ሊሞክሩ ኒውዮርክ ይገባሉ። የሃንክ እጮኛ ኤዲ ግን ልቡ ወደ ታናሽየዋ ይሸፍታል። ኩዊኒም እህቷን ላለመጉዳት ስትል ከአንድ ሀብታም ጋር መዞር ትጀምራለች። ታሪኩ ተራ የፍቅር ጣጣ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሁለቱ እህትማማቾች እንጀራቸውን የሚበሉት አብረው በመድረክ በመቆም ነው፤ ከተኳረፉ ቤቱም ሥራውም አብሮ ይፈርሳል። ለእኔ የዘርፉ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ቤሲ ላቭ ሃንክን ሆና የተጫወተችበትን የመልበሻ ክፍል ትዕይንት ልብ ብላችሁ እዩት። ኤዲን ወድጄህ አላውቅም ብላ ዋሽታ ወደ እህቷ ትልከዋለች። ብቻዋን ስትቀር መስታወት ፊት ተቀምጣ የመድረክ ሜካፗን በክሬም እየጠረገች ሳቋና ልቅሶዋ ይደባለቅባታል። ሙዚቃ የለም፣ ዘፈን የለም። ቤሲ ላቭ ለኦስካር የታጨችው በዚህ ሚና ነው፤ ፊልሙም የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር ሲያገኝ ከድምፅ ፊልሞች የመጀመሪያው ሆነ።

ለሙያውም አንድ ነገር አቆይቷል። በፊልሙ ውስጥ በቀለም የተቀረጸው የሠርግ ውዝዋዜ የስቱዲዮውን ኃላፊ ኢርቪንግ ታልበርግን ስላላስደሰተው እንደገና እንዲሠራ ታዘዘ። የድምፅ ባለሙያው ዳግላስ ሺረር ግን ድምፁ ምንም ጉድለት የለበትም፣ ኦርኬስትራውን መልሶ መጥራት አያስፈልግም አለ። የተቀዳውን ሙዚቃ በድምፅ ማጉያ እያሰሙ ተወዛዋዦቹን ብቻ ዳግም ቀረጹ። ዛሬ በየክሊፑ የምናየው ፕሌይባክ ሥር ከሰደደባቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው። የሚያሳዝነው፣ የዚያ ውዝዋዜ የቀለም ቅጂ ጠፍቶ የቀረልን ጥቁርና ነጩ ነው።

በዚያው ዓመት ሩበን ማሙሊያን «አፕላውዝ» በተባለው ፊልሙ ነገሩን ወደ እናትና ልጅ አመጣው። ሄለን ሞርጋን የተጫወተቻት ሴት ዘመኗ ያለፈባት የቡርሌስክ፣ ማለትም ቀልድና ገላ የሚያሳይ ውዝዋዜ የሚቀርብበት የመድረክ ትርኢት፣ ዘፋኝ ናት። ልጇን ከዚያ ዓለም ልታርቅ ገዳም አስገብታ አሳድጋታለች፤ ልጅቱ ስትመለስ ግን የእናትየው ወዳጅ እሷም መድረክ ትውጣ ብሎ ይወተውታል። ከማሆኒ እህትማማቾች ታሪክ ይልቅ ይህ ይከብዳል፤ የካሜራው እንቅስቃሴም ለዘመኑ ደፋር ነው።

ከዚያ በኋላ ስቱዲዮዎቹ ሙዚቃዊ ፊልም አበዙና ተመልካቹ በ1930 ሰለቸው። በ1933 «ፎርቲ ሰከንድ ስትሪት» የተባለው ፊልም ዘርፉን ሲያነቃው የታሪኩ ማዕከል ቤተሰብ ሳይሆን መላው የትርኢት ቡድን ሆኖ ነበር። የቮድቪል ቤተሰቦች ሁሉ አንድ ቀን ለመቆም የሚመኙበት የኒውዮርኩ ፓላስ ቲያትርም ከዚያ በፊት፣ በ1932፣ ወደ ሲኒማ ቤትነት ተቀይሯል።