በጅማ ዙሪያ ጸጥ ያሉ የጀልባ ውሃዎች

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚዘንብባት ከተማ ናት። ውሃ የሚያንሳት አገር አይደለችም፤ ሆኖም ጀልባ የሚቀዘፍበት ውሃ ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ወቅቱን ጠብቆና ዳርቻውን አጥንቶ የሚፈለግ እንጂ በር ላይ የሚገኝ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ታሪክ መርከብ ለንግድ አዘውትሮ የተመላለሰበት ወንዝ ባሮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክና ብሪታንያ በተዋዋሉት መሠረት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተከፍቶ፣ በክረምት ወራት የእንፋሎት መርከቦች ከሱዳን እየመጡ የምዕራቡን ቡና ይጭኑ ነበር። የጅማ ወንዞች ግን ገደላማና ፈጣን በመሆናቸው ለእንዲህ ያለ ጉዞ አልዋሉም።

በአገራችን ቦይ ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው የመስኖ ወይም የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ ነው፤ ሁለቱም ለጀልባ ጠባብ ናቸው። ለጀልባ ተብለው የተቆፈሩ ቦዮች በብዛት የሚገኙት እንደ ብሪታንያ ባሉ አገሮች ሲሆን፣ እዚያ ስፋታቸው 2.1 ሜትር ገደማ የሆነ ረጃጅም ጀልባዎች በሰዓት ከ6.4 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት ይሄዳሉ። ጸጥታ የሚፈልጉ ቀዛፊዎች ከዚያ የተማሩት አንድ ነገር ለጅማም ይሠራል። ሁለት ታዋቂ ቦታዎችን የሚያገናኝ ቦይ ምንጊዜም ጀልባ ይበዛበታል፤ መውጫ የሌለውና በሄዱበት የሚመለሱበት ቅርንጫፍ ግን ባዶ ሆኖ ይውላል። ይሁን እንጂ ጀልባ የማይሄድበት ቦይ በደለል ይሞላል፣ ሣርም ይውጠዋል፤ ስለዚህ ጸጥ ያለ ውሃ የሚፈልግ ሰው ጥልቀት የሌለው ውሃ እንደሚገጥመው አስቀድሞ ሊቀበል ይገባል።

በከተማዋ መሃል የሚያልፈው አዌቱና ሌሎቹ ትንንሽ ወንዞች ለዚህ ዓላማ አይሆኑም። በበጋ ስስ ናቸው፤ በክረምት ደግሞ የከተማውን ጎርፍና ቆሻሻ ይዘው በድንገት ይሞላሉ።

አዌቱ ከከተማው ሲወጣ የሚገባበት የቦዬ ረግረግ የተለየ ጉዳይ ነው። ቦዬ በደንገልና በጨፌ ሣር የተሸፈነ፣ በመካከሉ ክፍት ውሃ ያለው፣ ጉማሬ የሚኖርበት፣ ራሱ ላይ ወርቃማ ዘውድ የደፋውና ረጅም እግር ያለው ጥቁር ወፍ የሚመገብበት ቦታ ነው። ከጅማ ብዙ ስለማይርቅና ከሩቅ ሲያዩት ጸጥ ያለ ስለሚመስል፣ ትንሽ ጀልባ ያለው ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ነገር ግን ረግረጉ ለእርሻ በሚደረግ ማጠንፈፍ፣ ለጡብ ሥራ በሚቆፈር ሸክላ አፈርና ውሃ በሚመጥ ባሕር ዛፍ ምክንያት ሲጠብ የኖረ ነው። በቀረው ጠባብ ውሃ ላይ ጀልባ ማስገባት ወፎቹን ከጎጆ ያስነሳል፤ ጉማሬዎቹም የሚሸሹበት ጥልቅ ቦታ ስለሌላቸው ለሰውም ለእንስሳውም አደገኛ ነው። ቦዬ በእኔ እምነት ከዳር ቆሞ ሩቁን አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር የሚታይ እንጂ የሚቀዘፍበት ውሃ አይደለም፤ በዚህ ላይ መደራደር አያስፈልግም።

በአካባቢው ለጀልባ በእውነት የሚበቃው ውሃ የግልገል ጊቤ 1 ግድብ ያቆረው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። 40 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረ ሲሆን 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ሐይቁ ሲሞላ ከ50 ካሬ ኪሎ ሜትር ያላነሰ መሬት ይሸፍናል፤ ከ800 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃም ይይዛል። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ሰርቦንና አሰንዳቦን አልፎ በደነባ አቅጣጫ የሚገኝ ሲሆን፣ ዳርቻው ኦሞ ናዳን፣ ሰኮሩን፣ ጢሮ አፈታንና ቀርሳን የመሳሰሉ ወረዳዎችን ይነካል። ሐይቁ ሲሞላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከመሬታቸው ተነሥተው ሌላ ቦታ ሰፍረዋል፤ ዛሬ ጀልባ የሚንሳፈፍበት ውሃ ሥር ያለው ትናንት የሰው እርሻና የግጦሽ መስክ እንደነበር የሚቀዝፍ ሰው ሊዘነጋው አይገባም።

የሐይቁ መሃል ሰፊ ስለሆነ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበል ያበዛል፤ ወደ ግድቡ የቀረበው ክፍል ደግሞ የኃይል ማመንጫ ተቋም ስለሆነ የማይቀርቡት ነው። ጸጥታው ያለው ገባር ወንዞች በሚገቡባቸው፣ ውሃው በኮረብታዎች መካከል እንደ ጣት ገብቶ በቀረባቸው ክንዶች ውስጥ ነው። መውጫ ስለሌላቸው ማንም አቋርጦ አያልፍባቸውም፤ ኮረብታዎቹም ነፋሱን ይከለክላሉ። በማለዳ እንዲህ ባለ ክንድ ውስጥ ውሃው ከመርጋቱ የተነሣ ከመቅዘፊያው ጫፍ የሚወርደው ጠብታ ሳይቀር ይሰማል።

የትኛው ክንድ ለጀልባ እንደሚበቃ ለማወቅ ሴንቲነል 2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየ5 ቀኑ ገደማ የሚያነሷቸውን፣ ማንም በነጻ ሊያያቸው የሚችላቸውን ምስሎች መጠቀም ይቻላል። ሐይቁ በክረምቱ ማብቂያ፣ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፤ ከዚያ ተርባይኖቹ ውሃውን እየተጠቀሙበት እስከ ግንቦት ድረስ ይወርዳል። ስለዚህ የጥቅምትን ምስል ከግንቦት ምስል ጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ነው። በሁለቱም ላይ ውሃ ሆኖ የሚታየው የቀድሞው ወንዝ የሄደበት ጥልቅ መስመር ሲሆን፣ በጥቅምት ውሃ ሆኖ በግንቦት መሬት የሚሆነው ግን ስስ፣ ጉቶ የሚበዛበትና የጀልባ ሆድ የሚቀድ ቦታ ነው። የሐምሌና የነሐሴ ምስሎች በደመና ስለሚሸፈኑ እምብዛም አይጠቅሙም። ከተፋሰሱ የሚታጠበው አፈር በወንዞቹ መግቢያ ላይ ስለሚጠራቀም፣ አምና ጀልባ ያሳለፈ መግቢያ ዘንድሮ ላያሳልፍ ይችላል፤ የቆየ ካርታ ላይ መተማመን አይገባም። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ፣ ዝናቡ ቆሞ ውሃው ገና ስላልወረደ፣ ከሁሉም የተሻለ ነው።

ከምስል ቀጥሎ መነበብ ያለበት ዳርቻው ነው። ጉማሬ ሌሊት ሣር ለመጋጥ ይወጣና ጎሕ ሲቀድ ወደ ውሃው ይመለሳል። የሚመላለስበት መንገድ ጭቃው ላይ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ፈለጎችን ይሠራል፤ የግራና የቀኝ እግሮቹ ተራርቀው ስለሚያርፉ በመካከላቸው ያልተረገጠ የሣር ሸንተረር ይቀራል። አራት ጣት ያለው ሰፊ ዱካና በጅራቱ እየበተነ ቁጥቋጦ ላይ የሚረጨው ፋንድያ ከታየ፣ በተለይም ፋንድያው እርጥብ ከሆነ፣ ጀልባውን ከመኪና ሳያወርዱ ሌላ ቦታ መፈለግ ነው። ውሃው ላይ ምንም አለመታየቱ ዋስትና አይሆንም፤ ጉማሬ ለመተንፈስ ብቅ ሳይል ደቂቃዎች ስለሚቆይ፣ ምልክት ባይኖርም ቢያንስ ሩብ ሰዓት ዳር ቆሞ መመልከት ያስፈልጋል። በምንም ምክንያት በጉማሬና በጥልቁ ውሃ መካከል መግባት አይገባም።

ሣር በበዛበት የረጋ ውሃ ውስጥ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ በባዶ እግር ገብቶ ጀልባ መግፋት አይመከርም፤ ውሃ የማያስገባ ቦቲ ይህን ያስቀራል። ወባም በሐይቁ ዙሪያ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲያጠኑት የቆዩ ችግር በመሆኑ፣ ከመምሸቱ በፊት ከዳርቻው መራቅ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ቢሟላም ሐይቁን ከማንም በላይ የሚያውቁት ቆሮሶና ሌሎች ዓሦችን የሚያጠምዱት የአካባቢው ሰዎችና ውሃው ሲሸሽ በተገለጠው መሬት ላይ ከብት የሚያሰማሩት ገበሬዎች ናቸው። መረብ ብዙ ጊዜ አመሻሽ ላይ ተጥሎ ጠዋት ስለሚነሣ፣ ማለዳ የሚቀዝፍ ሰው መረቡ ያለበትን መስመር ካልጠየቀ የሰውን እንጀራ ይበጥሳል። በአፋን ኦሮሞ ሰላምታ ሰጥቶ፣ በዕድሜ የገፉትን አክብሮ፣ መረቡ የት እንደተጣለና ጉማሬው ሰሞኑን የት እንደሚውል የሚጠይቅ እንግዳ መልሱን በደስታ ያገኛል፤ የቀበሌው አስተዳደርም አስቀድሞ ቢያውቀው መልካም ነው።

ለእነዚህ ክንዶች የሚስማማው ሞተር የሌለው ቀላል ካያክ (በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ጀልባ) ወይም በአየር የሚነፋ ጠንካራ ጀልባ ነው። የሚነፋው በመኪና ለመጫን ይመቻል፤ ነገር ግን ጉቶ ስለሚቀደው ከአንድ በላይ የአየር ክፍል ያለውን መምረጥ ያስፈልጋል። የጣና ታንኳ ከደንገል የሚሠራና ለስስ ውሃ የተፈጠረ ቢሆንም ውሃ እየመጠጠ ስለሚከብድ ከቦታ ወደ ቦታ ለማጓጓዝ አይመችም። ዋና የሚችልም ሆነ የማይችል ሰው የሕይወት አድን ጃኬቱን ገና መሬት ላይ ሳለ ማሰር አለበት፤ ጸጥ ባለ ክንድ ውስጥ ለእርዳታ የሚደርስ ሌላ ጀልባ የለምና።