የጓሮ እርሻ በደሴና በኮምቦልቻ

ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጓሯቸው ግን ለየቅል ነው። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሰው ኮምቦልቻ ሲገቡ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። ደሴ ለጎመን፣ ለድንች፣ ለካሮት፣ ለነጭ ሽንኩርትና ለኮክ ትስማማለች። ኮምቦልቻ ደግሞ የፓፓያ፣ የማንጎ፣ የሎሚና የዘይቱን አገር ናት።

በሁለቱም ከተሞች ድሮም ጓሮ ካለ ጤና አዳም አይጠፋም። ቡና ያለ እሱ አይሆንላቸውም የሚሉ ብዙ ናቸው። በሶብላውና ጥቂት እግር ጎመንም አብረው ይኖራሉ። ጓሮውን ማስፋት የሚጀመረው ከዚሁ ነው።

ደሴ ላይ ትልቁ ፈተና ተዳፋቱ ነው። አፈሩ ሳይያዝ የተቆፈረ ጓሮ የሐምሌ ዝናብ ሲመጣ ጠራርጎት ይሄዳል። ስለዚህ ከዘሩ በፊት እርከኑ ይቀድማል። ጥቁሩ የላይኛው አፈር ተገፍፎ ለብቻ ይከመራል። ከሥሩ ያለው ይደለደላል፣ በታች በኩል በድንጋይ ይካባል። ከዚያ ጥቁሩ አፈር ይመለሳል። ይህን ዘሎ በቀጥታ የደለደለ ሰው ፍሬ የማይሰጠውን አፈር ላይ አውጥቶ ጥሩውን ይቀብረዋል። መደቡ አንድ ሜትር ያህል ስፋት ቢኖረው ሳይረግጡት ከሁለቱም ወገን መኮትኮት ይቻላል። የባሕር ዛፍ ጎረቤት ካለ ራቅ ማለት ነው፤ ውሃውን ይሻማል።

ውሃ ሲባል መጀመሪያ ጣሪያውን ማየት ይበጃል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ አንድ ሊትር ነው። 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት 400 ሊትር ያወርዳል፤ ሁለት በርሜል ማለት ነው። ጥቂት ቢባክንም ለችግኝ ትልቅ ነገር ነው። በተለይ የበልጉ ዝናብ ቆረጥ ቀጠል ሲል ያ በርሜል ነፍስ ያድናል። ኮምቦልቻ ላይ የፋብሪካ ፍሳሽ ከሚቀላቀልበት ወንዝ ቀድቶ ሰላጣና ቆስጣ ማጠጣት ግን በጭራሽ አይገባም።

ለአፈሩ የወጥ ቤት ልጣጭ፣ የቡና አተላና ደረቅ ቅጠል ተደባልቆ ይበሰብሳል። በኅዳር 2015 ዓ.ም የተጀመረው የመንግሥት የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ብዙ ቤት ዶሮ አስገብቷል። ዶሮ ካለ ፍግ አለ። ትኩሱ ግን ሥር ያቃጥላል፤ ወራት ቆይቶ ይብላላ።

ደሴ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ ይፈራል። ድንችና ቲማቲም በአንድ ሌሊት ሊጠቁሩ ይችላሉ። ጎመን ይችለዋል። ችግኙን ማታ በጭድ መሸፈን፣ ጠዋት መግለጥ ነው። ጎመን ደግሞ ከነሥሩ አይነቀልም፤ የታችኛው ቅጠል እየተቀነጠሰ ለወራት ይበላል።

ኮምቦልቻ ላይ ቦታ የጠበበው ሰው ፓፓያ ይሞክር። ብዙ አይንሰራፋም፣ ከሥሩም ቃሪያ ይበቅላል። በአንድ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ችግኝ ይተከላል፤ ምክንያቱም ወንዱና ሴቷ ሳያብቡ አይለዩም። ወንዱ አበባውን በረጅም ዘንግ አንጠልጥሎ ያወጣል፤ የሴቷ ከግንዱ ተጠግቶ ይወጣል። ያን ጊዜ ለአካባቢው አንድ ወንድ ተትቶ ሌላው ወንድ ይቆረጣል።